ሐኪም በማን ገላ ይማራል?

ሸማኔ የመጀመሪያውን ጥለት ሲያበላሽ የሚባክነው ድርና ማግ ነው። አናጢ ቢሳሳት እንጨት ያቃጥላል። ደራሲም የጻፈው ካላማረው ቀዶ ይጥላል፤ ወረቀቱ አይጮህም። ሐኪም ግን የሚማረው በሰው ነው። የመጀመሪያው መርፌ፣ የመጀመሪያው ስፌት፣ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና የሚያርፈው ስም ባለው፣ እናት ባለው፣ ምናልባትም ልጆቹ ደጅ ቆመው በሚጠብቁት ሰው ገላ ላይ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አይወራም፤ ሐኪሞቹም ከመካከላቸው አያወጡትም፤ እኛም ብንሆን ተኝተን ካልታከምን በቀር ትዝ አይለንም። እኔ ዛሬ መጠየቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሚማረው ሐኪም እየተማረ መሆኑን ለሚማርበት ሰው መንገር አለበት ወይስ የለበትም?

ጥያቄውን ያመጣብኝ የሕክምና መጽሐፍ ሳይሆን የቴሌቪዥን ድራማ ነው። የእህቴ ልጅ ከሐዋሳ ርቆ ሕክምና ተምሮ ሲጨርስ፣ ምደባ እስኪወጣለት ድረስ ጥቂት ወራት እዚህ ሐዋሳ እኔ ዘንድ ከረመ። ማታ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ በፍላሽ ይዞት የመጣውን «ኢ.አር.» የተባለ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ያያል፤ እኔም ቡናዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ድራማው የቆየ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው በኋላ በ«ጁራሲክ ፓርክ» ዓለም ያወቀው ማይክል ክራይተን ሲሆን፣ ሰውየው በሐርቫርድ ሕክምና ያጠና፣ በተማሪነቱ ያየውንም መነሻ ያደረገ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ተጽፎ ሃያ ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ከቆየ በኋላ በሴፕቴምበር 1994 እ.ኤ.አ. በኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ ታየ። አንዴ ከጀመረ ደግሞ የሚያቆመው ጠፋ፤ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ በ15 ዓመት ውስጥ 331 ክፍሎች ቀርበዋል።

በመጀመሪያው ቀን ቺካጎ ከሚገኘው የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምናየው ጆን ካርተር የተባለ የሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። ጋውኑ አዲስ ነው፤ ፊቱም አዲስ ነው። የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እንጀራ አጥቶ ወደ ሙያው አልመጣም። ኖዋ ዋይሊ የተባለው ተዋናይ ሲጫወተው፣ ያ ልጅ አንድ ነገር ለመንካት እጁን ሲዘረጋ የሚሰማውን ፍርሃት እኛም ጣታችን ላይ እንዲሰማን አድርጎ ነው። በላዩ ላይ ቤንተን የተባለ የቀዶ ጥገና ሬዚደንት ተሹሞበታል፤ ኮስታራ፣ ምስጋና የማያውቅ፣ ግን ዓይኑን ከተማሪው እጅ የማይነቅል ሰው። ካርተር መርፌ መውጋቱንም፣ ቁስል መስፋቱንም፣ ለዘመድ መርዶ መንገሩንም በዚህ ሰው ሥር ይማራል። በዚያው በመጀመሪያው ክፍል ያየው ሥቃይ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት አየር ለመሳብ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አንድ ታላቁ የሆነ ሐኪምም ተከትሎት ወጥቶ ያጽናናዋል።

እኔም ወደድኩት። የእህቴ ልጅማ ወንድሙ ያህል ሆኖበታል። ከአሥራ አምስትና ሃያ ክፍል በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ካርተር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ኖረ። ሕመምተኞቹስ? አንዱ በአምቡላንስ ይመጣል፣ ይደማል፣ ይድናል ወይም ይሞታል፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነገሩ ያልቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ስሙን የሚያነሣ የለም። የእሱ ሞት ግን ካርተር ላይ ይቀራል፤ ካርተርን ያበስለዋል፣ ያሳዝነዋል፣ «ሐኪም» ያደርገዋል። በሌላ አነጋገር ቤቱ የተማሪው ነው፤ ሕመምተኛው እንግዳ ነው። ተመልካችን ደግሞ ድራማው ከባለቤቱ ጎን ያስቀምጠዋል። ካርተር አንድን ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያ ጊዜው መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ቤንተን ያውቃል፤ ነርሷ ታውቃለች። የማያውቀው አልጋው ላይ የተኛው ብቻ ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ስክራብስ» የተባለው አስቂኝ ድራማ ይህንኑ ነገር ገፍቶ ጫፍ ያደርሰዋል። እዚያ ጄ.ዲ. የተባለ ኢንተርን አለ። የውስጥ ሐሳቡን በድምፅ እንሰማለን፤ «ምን ላድርግ? አላውቅም» እያለ በልቡ ሲንጫጫ እኛ እንስቃለን። በአፉ ለሕመምተኛው የሚናገረው ሌላ ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ራስህን ከሶፋው አንሥተህ አልጋው ላይ አስተኛው። ያንን የውስጥ ድምፅ መስማት አትፈልግም ነበር? ወይስ ባትሰማው ይሻልህ ነበር?

ከ«ኢ.አር.» ክፍሎች ሁሉ ተመልካች የማይረሳው በማርች 1995 እ.ኤ.አ. የታየው ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ትመጣለች። ግሪን የተባለው ሐኪም፣ እሱም ያን ጊዜ የሬዚደንቶቹ አለቃ ቢሆንም ራሱ ገና ሬዚደንት ነው፣ የሽንት ፊኛ ሕመም ነው ብሎ ይሸኛታል። ነገሩ ግን ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሆኖ ይገኛል። አንዱ ስሕተት ሌላውን እየወለደ ሌሊቱ ያልፋል፤ ሕፃኑ ይተርፋል፤ እናት ትሞታለች። በመጨረሻ የምናየው ግሪንን ነው፤ ባቡር ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ። ጥሩ ተሠርቷል፤ እኔም ዓይኔ ረጥቧል። ሆኖም እንባዬ ለማን እንደፈሰሰ ራሴን ብጠይቅ ለሴትዮዋ አልነበረም። እዚህ አገር፣ በወሊድ የሞተች እናት ያልቀበረ ቤተሰብ በማይበዛበት አገር ተቀምጬ፣ ያለቀስኩት ለሐኪሙ ነበር።

በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካርተር ወደ ኮንጎ ይሄዳል። ጦርነት፣ ረሃብ፣ መድኃኒት ያጣ ክሊኒክ። የሀብታሙ ልጅ እዚያ ራሱን ያገኛል። መቼም አፍሪካ ለነጭ ነፍስ ማረሚያ ሆና መታየቷ አዲስ አይደለምና ብዙ አልልበትም። ብቻ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አቁሞ «እኛ ደግሞ ራሳችንን ለማግኘት የት እንሂድ?» ሲል ሳቅሁ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ታማ ተኝታ ነበር። የሆስፒታሉን ስም መጥራት አያስፈልግም። ግሉኮስ እንዲሰካላት ታዝዞ አንዲት ኢንተርን መጣች፤ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ አራት የማይበልጥ። የእናቴ ደም ሥር በእርጅና ጠፍቷል። ልጅቷ አንዴ ሞከረች፤ አልሆነም። ደገመች፤ አልሆነም። ሦስተኛው ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የእናቴ ክንድም ይጠቁር ጀመር። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ሌላኛውን ክንዷን ከጋቢው ሥር አውጥታ «ልጄ፣ በዚህኛው ደግሞ ሞክሪ። አይዞሽ» አለቻት።

ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰላሰልኩት! መጀመሪያ ያየሁት ደግነት ነው። ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት፣ የሰው ልጅ ስትርበደበድ ስታይ ሕመሟን ረስታ አጽናናቻት። እናቴ ኢንተርኗ ለማጅ መሆኗን ማንም ሳይነግራት አውቃለች፤ አውቃም ፈቅዳለች። ከዚህ የበለጠ ፈቃድ ከወዴት ይገኛል?

ሌላ ጊዜ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። እናቴ «አይሆንም፣ ሌላ ሰው ይምጣ» ማለት ትችል ነበር? በዕድሜዋ ሙሉ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «እምቢ» ብላ አታውቅም። ብትል ደግሞ የሚመጣው ሌላ ሰው ማን ነው? እምቢ ማለት የማይቻልበት ቦታ ላይ የሚሰጥ እሺታ ፈቃድ ይባላል ወይ? ስጦታዋ እውነተኛ ስጦታ ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቃትም። ሳይጠየቅ የሚሰጥ ደግ አለ፤ ሳይጠየቅ የሚወሰድበት ደግሞ ድኻ ነው። እናቴ በዚያች ደቂቃ ሁለቱንም ነበረች።

ዐረቦች አንድ ምሳሌ አላቸው፤ ዋግምት የሚለማመዱት በየቲም ልጆች ራስ ላይ ነው ይላሉ። ወላጅ የሌለው ቢደማ የሚቆጣለት የለምና። ምሳሌው የዘመናዊ ሆስፒታልን ታሪክ በሙሉ የተናገረ ይመስለኛል። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ትላልቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን የሞሉት ገንዘብ በሌለው ሰው ነው፤ ባለጠጋው ቤቱ ድረስ የመጣለትን ሐኪም ይታከም ነበር። አቱል ጋዋንዴ የተባለው አሜሪካዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ከራሱ ላይ ጀምሮ ተናግሯል። እሱ ራሱ በሕመምተኞች ላይ እየተማረ ሳለ የገዛ ልጁ በሕፃንነቱ ልቡን ታመመ። ልጁን ሲከታተል የቆየ፣ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ክትትሉን ልቀጥል ሲለው ጋዋንዴ አልፈቀደም፤ ልምድ ያላትን አንጋፋ ሐኪም መረጠ። ትምህርቱ አስፈላጊ መሆኑን ከማንም የበለጠ የሚያውቅ ሰው፣ በራሱ ልጅ ላይ ሲሆን ተራውን አሳለፈ። አልፈርድበትም፤ አባት ነው። ነገር ግን ተራውን ማሳለፍ የሚችል ሰው ሲኖር ተራው የሚደርሰው ማሳለፍ ለማይችለው ነው።

ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። እሱም ዝም ብሎ የሚቀበል ልጅ አይደለም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ያምራል» አለኝ። «ግን ለእያንዳንዱ ሰው ‹ይህ የመጀመሪያዬ ነው› ብዬ ብናገር የሚተኛልኝ የለም። እኔ ካልተማርኩ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ሐኪም የለም። ዛሬ አንዱን ላለማስፈራት ስል ብዋሽ፣ ነገ ሺህ ሰው ይድናል። ደግሞ የፈራ ሰው ደም ግፊቱ ይጨምራል፤ መንገር ራሱ ሊጎዳ ይችላል።»

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ አገራችንን ለሚያውቅ ደግሞ ከባድ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ከአሥር ዓመት በኋላ ተከተለ። ከዚያም ጅማ ተጨመረ። ለረጅም ጊዜ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሐኪም የሚያስመርቁት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እነዚህ ሦስቱ ብቻ ነበሩ። የሐዋሳው የመጣው አዲሱ ሺህ ዘመን ከገባ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው በፍጥነት ጨመረ። ትምህርት ቤቱ ባይኖር ኖሮ ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ሕመምተኛ በለማጅ እጅ ሳይሆን በማንም እጅ አይታከምም ነበር። ስለዚህ «ለማጅ አይንካኝ» የሚለው ምርጫ ለብዙው ሰው ምርጫ አይደለም። እኔም ያንን አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ይነገረው ብዬ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ሰው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በየጎዳናው ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ መኪናው ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ባጃጁም፣ እግረኛውም፣ ጋሪ የሚነዳውም ያንን አይቶ ይጠነቀቃል፤ ሲሳሳትም ጥሩምባ ቢነፋበት እንኳ ብዙም አይረግመውም። አጠገቡ አስተማሪው ተቀምጧል። ጋውን ላይ ግን «ለማጅ» ተብሎ አይጻፍም። እንዲያውም ልጁ ትምህርቱን ሳያጋምስ ሠፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እናቱ ትላለች፣ ባለሱቁ ይላል፣ ዎርድ ሲገባም አስታማሚው ይላል። ይህ ማዕርግ ያለ ዕዳ የተሰጠ ይመስላል እንጂ ዕዳው ትልቅ ነው። «ዶክተር» የተባለ ልጅ «አላውቅም» ለማለት አፉ ይያዛል።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። የሕክምና ተማሪ በመንግሥት ምደባ ከየትም ይመጣል፤ ከወሎ የመጣው ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ የሄደው ጎንደር ይማራል። ከሁላ ወይም ከበንሳ የመጣች እናት ግን የምታውቀው ሲዳምኛ ብቻ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል አንድ አስታማሚ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ቆሞ ያስተረጉማል። ሐኪሙ አምስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ አስተርጓሚው አንድ ቃል ያደርሳል፤ ሴትዮዋ ራሷን ትነቀንቃለች። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚ ሳይገባውና ሳይፈቅድ ሕክምና እንዳይደረግለት ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ለቀዶ ጥገና የሚፈረመው ወረቀት ምን እንደሚደረግ ይናገር እንደሆነ እንጂ፣ የሚያደርገው እጅ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ አይጠይቅም። ወረቀቱን በአውራ ጣት የሚፈርም ሰው ደግሞ ምን እንደቀረበት አያውቅም።

የእህቴን ልጅ «አያትህን አስታውሳት» አልኩት። «ያቺ ኢንተርን አንተ ብትሆን ትነግራት ነበር?»

«ሳትነግራት አውቃ የለም እንዴ?»

«እሺ፤ አንተ ደግሞ አስታማሚ ሆነህ ቆመህ ቢሆንስ? ኢንተርኗ ለመጀመሪያ ጊዜዋ ከአከርካሪዋ ፈሳሽ ልትቀዳ መርፌ ይዛ ብትመጣ፣ ዝም ትል ነበር?»

መልስ ሳይሰጠኝ ብዙ ቆየ። ከዚያም «ሲኒየር ጥሩ እል ነበር» አለ። ጋዋንዴ ያደረገውን ማለት ነው። የሙያው ሰው ለራሱ ዘመድ ሲሆን መጠየቅ ያውቅበታል፤ ለዘመዱ የሚፈልገውን እውቀት ነው ለሌላው የሚደብቀው።

ለኢንተርኖቹም ግን ፍርድ አይጓደልባቸው። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት፣ እንደገናም በ2017 ዓ.ም. ግንቦት፣ የጤና ባለሙያዎች በልዩ ልዩ ከተሞች ድምፃቸውን ሲያሰሙ አብዛኛው ሰው የሰማው የደመወዙን ነገር ብቻ ነው። የደከመ፣ ያልበላ፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ግን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ካርተር በስተኋላው ቤንተን ነበረው። ለማጁ «ለማጅ ነኝ» ብሎ መናገር የሚችለው አጠገቡ አስተማሪ ሲኖር ነው። ብቻውን የተተወ ልጅ እውነቱን ቢናገር ምን ያደርግበታል? ስለዚህ ነው ዝምታው የልጆቹ ክፋት ነው ለማለት የማልደፍረው፤ ዝምታው ከላይ ወደ ታች ወርዶ የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ማለትም አልጋው ላይ፣ የሚያርፍ ነው።

ከሐዋሳ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጉዞ ይርጋለም ይደረሳል። እዚያ የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ቅርንጫፍ አለ። ስለዚህ ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ ማሚቱ ጋሼ የዚያ ቤት ልጅ ናት። ማሚቱ በ1962 እ.ኤ.አ. ገና በአፍላ ዕድሜዋ፣ ከአስጨናቂ ምጥ በኋላ ፊስቱላ ይዟት ከገጠር አዲስ አበባ መጣች፤ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ያኔ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ታክማ አልሄደችም። አልጋ አነጠፈች፣ የታመሙትን ረዳች፣ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ታቀብል ጀመር፤ ከዚያ ቢላዋውን ራሷ ያዘች። ፊደል በቅጡ ሳትቆጥር የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆነች፤ ከየአገሩ ለሚመጡ ሐኪሞችም ሙያውን አሳየች። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «እንዴት ያለ ተሰጥኦ!» ይላል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማሚቱ ለማጅ መሆኗን መደበቅ አትችልም ነበር። ማዕርግ አልነበራትም፤ «ዶክተር» የሚላት አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ጣሪያውን አይታለች። ሌሎቹ ሐኪሞች የሚማሩበትን ገላ ከውጭ ነው የሚያውቁት፤ እሷ ከውስጥ ታውቀዋለች። ሁሉም ሐኪም ታሞ ይማር ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተማሪው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሃያ ሰው ዙሪያውን ከብቦ በማያውቀው ቋንቋ ስለ ሆዱ ሲነጋገርበት እንዲሰማ ቢደረግ ምን ይጎድል ነበር? ወጪውም እኮ አንድ አንሶላ ነው።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ያነሣብኝን ጥያቄ ሳልናገር ላልፍ አልችልም። «ራሱን ስቶ ለሚመጣውስ ለማን ልንገር?» አለኝ። ሌሊት በባጃጅ ተጭኖ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው፣ ስሙ የማይታወቅ። አሁኑኑ ካልተነካ የሚሞት። ለእንዲህ ያለው ሰው ያለኝ መልስ ይህ ነው ለማለት አልደፍርም። እሱ የምሳሌው የቲም ነውና፤ ዝም ብሎ ይነካል፣ ይዳን ዘንድም ይጸለያል። ብቻ ስለ እሱ ተብሎ፣ ነቅቶ ዓይን ዓይናችንን ለሚያየው ሰው የማይነገርበት ምክንያት አይታየኝም።

በ2025 እ.ኤ.አ. «ዘ ፒት» የተባለ አዲስ የሆስፒታል ድራማ ተጀምሯል። ካርተርን የተጫወተው ያው ኖዋ ዋይሊ ጢሙ ሸብቶ፣ አለቃ ሆኖ፣ አዲስ የመጡ ተማሪዎችን ሲያስተምር ይታያል። የእህቴ ልጅ ሊያየው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ምደባው ወጣና ወደ አንድ የገጠር ሆስፒታል ሄደ።

ባለፈው ወር ደወለልኝ። መናገር ጀምሬያለሁ አለኝ። ለአንዲት አሮጊት «እማማ፣ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ይፈቅዱልኛል?» ቢላቸው፣ «እናትህ አለች?» ብለው ጠየቁት፤ «አለች» ሲላቸው እጃቸውን ሰጡት። በማግስቱ የመጣ አንድ ጎልማሳ ግን እግሩ ላይ ያለውን ቁስል እንዲከፍትለት ሲጠይቀው «እንግዲያውስ ሌላ ጥራልኝ» አለው። ሌላ ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ሲኒየሩን በስልክ ጠራው። ሰውየው እግሩን እንደያዘ ሁለት ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ጠበቀ፤ ልጁም ሌሎቹን እያከመ በየመካከሉ ብቅ እያለ፣ ውኃ ትፈልጋለህ ወይ እያለ ይጠይቀው ነበር አሉ።